15 በመቶው ሰኞ ገበያ ያልደረሰው ለምንድን ነው?

ጅምላ ደሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የገንዘብ ፖሊሲ ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ አስረዱን። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎታል ይባላል። ደሴ ላይ ግን በ15 ይቅርና በ20ም ቢሆን ብድር አግኝቶ ዘይትና ስኳር የሚያራግፍ ጅምላ ነጋዴ ጥቂት ነው። ቅርንጫፍ ሲኬድ መልሱ «ተራ ጠብቁ» ነው። ታዲያ ይህ 15 የማን ነው?

ሌላው፣ አሁን ሽያጩ አብዛኛው በቴሌብርና በባንክ ትራንስፈር ሆኗል። «ብሩ የረከሰው በስልክ ስለሚላክ ነው» የሚል ወሬ በየሱቁ አለ። እውነትነት አለው?

ሦስተኛው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ገበያውን የሚያውከው እሱ ነው። ሰኞ ሰኞ ገና 4 ሰዓት ሳይሞላ የቴሌብር ወኪሎቹ ጋ ጥሬ ብር ያልቃል። ገበሬው እህሉን ሸጦ፣ ገንዘቡ ስልኩ ላይ እያለ ጨው መግዣ አጥቶ ይቆማል። ጥሬው የት ይገባል?

አራዳ፦

ወንድሜ፣ 15ቱ ለአንተ የወጣ ዋጋ አይደለም። ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንኮች የሚተያዩበት መነሻ ነው። ገንዘብ የተረፈው ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ቢያሳድር 12 በመቶ ያገኛል፤ የጎደለው ከዚያው ቢበደር 18 ይከፍላል። 15ቱ የእነዚህ መሀል ነው። በየሁለት ሳምንቱ በሚደረግ ጨረታ ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ ከባንኮች ይሰበስባል ወይም ይለቅላቸዋል፤ ባንኮችም እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ዋጋ ከዚያ መሀል እንዳይርቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደ ነጋዴው ብድር፣ ከነጋዴውም ወደ ሸቀጡ ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል።

እኛ ጋ የማይወርድበት ትልቁ ምክንያት የብድር ዕድገት ጣሪያው ነው። ነሐሴ 2015 ላይ 14 በመቶ ሆኖ ተጀመረ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ 18 ሆነ፤ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 ከፍ ብሏል። ትርጉሙን በቁጥር ልንገርህ። እንበል አንድ ባንክ ያበደረው 10 ቢሊዮን ብር ነው። በ18 በመቶ ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ በላዩ ላይ ሊጨምር የሚችለው 1.8 ቢሊዮን ብቻ ነው። የሚመለስለትን ብድር መልሶ ማበደር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን ካዝናው ቢሞላም አይፈቀድለትም። ታዲያ 1.8ቱን ለማን ይሰጣል? መጀመሪያ ለነባር ትልልቅ ደንበኞቹ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የደሴ ቅርንጫፍ ብዙ ቁጠባ ሰበሰበ ማለት ደሴ ላይ ያበድራል ማለት አይደለም። ገንዘብ በዋጋ ሳይሆን በኮታ ሲታደል ወለዱ 15 ሆነ 17 ተራ ጠባቂው ተራ ጠባቂ ነው።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ለውጥ ተደረበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያንኑ መጋዘን ለመሙላት እጥፍ የሚጠጋ ብር ሲያስፈልግ የባንክ ብድር ያኔ የሚያድገው በ14፣ ቢበዛ በ18 በመቶ ነበር። ቀሪውን ማን ሞላው? ዕቁብና ዱቤ።

የደሴ እውነተኛ ወለድም ያለው እዚያ ነው፤ «ወለድ» ስለማይባል አይታይም እንጂ። ጅምላ ሻጩ ያንዱን ሸቀጥ ዋጋ ሲነግርህ «በእጅ 10,000፣ የወር ዱቤ 10,400» ይልሃል። 400 ብሯ ለ30 ቀን 4 በመቶ ናት። በዓመት ሲባዛ 48፤ እያዞርክ በዱቤ የምትኖር ከሆነ ደግሞ ወለድ ወለድን እየወለደ 60 ይደርሳል። 15 በመቶን ስትሰማ ይህን አጠገቡ አስቀምጠው። እኔ የገበያውን ብድር ውድነት የማየው የእጅና የዱቤ ዋጋ ልዩነት ሲሰፋና ሲጠብ ነው፤ ከባንክ ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል።

ለተግባር የሚሆን ነገር፦ ቅርንጫፉን «ብድር አለ?» ብለህ አትጠይቅ። «የከለከለኝ ጣሪያው ነው ወይስ ማስያዣዬ?» በል። ማስያዣ ከሆነ ካርታውንና ግምቱን ታስተካክላለህ። ጣሪያ ከሆነ ደግሞ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነውና ሚያዝያና ግንቦት ላይ መመላለስ ድካም ነው። ወረቀቱን ሰኔ ላይ ጨርሰህ ሐምሌ መጀመሪያ ቀድመህ መግባት ይሻላል።

ቦርከና፦

አራዳ የጣሪያውን ነገር በደንብ አስቀምጦታል። «እጥፍ» ያለው ላይ ግን ላርመው። ከሐምሌ 2016 በፊትም ጥቁር ገበያው ዶላሩን ከ100 ብር በላይ ይሸጠው ነበር። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ መደርደሪያ ላይ የነበረው የውጭ ዕቃ ብዙው የተተመነው በዚያ ነበር፤ ስለዚህ ያ ዕቃ እጥፍ አልሆነም። በደንብ የዘለለው በባንክ ዋጋ ዶላር እየተፈቀደለት ይገባ የነበረው ነው፤ ለምሳሌ መድኃኒት። ለሁሉም አንድ ቁጥር መስጠት ያሳስታል።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ሲሠራ በዋሌትህ፣ ማለትም በስልክ ሒሳብህ ላይ የሚታየው 1,000 ብር አዲስ የታተመ ገንዘብ አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪው ለዚያ 1,000 ብር ልክ 1,000 ብር ባንክ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ወኪሉ ጋ ጥሬ ስታስገባ ጥሬው ወደ ባንክ ሄደ፣ ቁጥሩ ወደ ስልክህ መጣ፤ ጠቅላላው አልተለወጠም። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ድሮ የደሴ ነጋዴ ብር በቦርሳ ይዞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መርካቶ ይከፍል ነበር፤ ያ ገንዘብ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በደቂቃ ይደርሳል፣ ተቀባዩም በደቂቃ ለሌላ ይከፍላል። አንድ ብር በዓመት ብዙ ጊዜ ከዞረ፣ ዕቃው ካልጨመረ ዋጋ ላይ የሚያሳድረው ነገር ይኖራል። ስለዚህ ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም።

ነገር ግን በ2014 ከ30 በመቶ በላይ የደረሰውን የዋጋ ንረት ስልክ አላመጣውም። ጦርነት ነበር፤ እህል አልወጣም፤ መንግሥት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ እየተበደረ ይሞላ ነበር፤ ዶላር አልነበረም። እንዲያውም ፍጥነቱን የሚጨምረው ስልኩ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው። አስላው፦ 100,000 ብር በቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ በ7 በመቶ ዓመት ቢያድር 107,000 ይሆናል። ዋጋ በ15 በመቶ ቢጨምር ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 115,000 ያስፈልጋል፤ 8,000 ብር ጎደለህ። በዋሌት ላይ እንዲሁ ከተኛ ደግሞ ጉድለቱ 15,000 ነው። ኮምቦልቻ ያለው ነጋዴ ብር ይዞ ከሚያድር ቆርቆሮና ብረት ይዞ ማደር የሚመርጠው ለዚህ ነው። ሁሉም እንደዚያ ሲያደርግ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ይሮጣል።

አንድ ብዙ የማይነሳ ነገር አለ። ሰው ጥሬ ብር ትራስ ሥር መያዝ ሲተው ያ ብር ባንክ ይገባል፤ የባንኮች የማበደር አቅምም ያድጋል። አሁን ይህን ጉልበት የያዘው ያው የብድር ጣሪያ ነው። ጣሪያው የተነሳ ቀን ገንዘቡን የሚገታ ወለዱ ብቻ ይቀራል፤ 15ቱ እውነተኛ ፈተና ላይ የሚወድቀው ያኔ ነው።

ከወሎ አንጻር ሐዋላውን መርሳት አይቻልም። ከሳዑዲና ከኤምሬትስ የሚላከው ገንዘብ ደሴ ላይ ብዙ ቤት ያቆማል። በጥቁር ገበያ ሲላክ ሪያሉ እዚያው ይቀራል፤ እዚህ ያለው ሰው ለቤተሰቡ ብር ብቻ ያስገባል። ብሩ ደሴ ገበያ ላይ ወጣ፣ የውጭ ምንዛሪው ግን ባንክ አልገባም። የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት ሲጠብ ሰው በባንክ ወይም በቀጥታ ወደ ዋሌት ይልካል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ተመልሶ ይሄዳል። ማስታወቂያና ሽልማት የሚሠራው ልዩነቱ ጥቂት ብር ሲሆን ነው፤ 20 ብር ሲሆን ግን ማንም አይሰማም።

ፍሎት፦

ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ። «ጥሬው የት ይገባል?» ላልከው፣ ከገበያው አልወጣም፤ ያለበት ኪስ ነው የተቀየረው።

ወኪል ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይይዛል፦ ሳጥን ውስጥ ያለ ጥሬ ብርና ስልክ ላይ ያለ ፍሎት። ደንበኛ ሲያስገባ ጥሬው ይጨምራል፣ ፍሎቱ ይቀንሳል፤ ሲያወጣ በተገላቢጦሽ። ድምሩ ግን አይለወጥም። 60,000 ብር ካፒታል ያለው ወኪል ሰኞ ጠዋት 40,000 ጥሬ፣ 20,000 ፍሎት ይዞ ይከፍታል እንበል። በታኅሣሥና በጥር ማሾና ማሽላ ሲወጣ እህል ገዢው ለገበሬው በስልክ ይልካል፤ ገበሬው ወዲያው ጥሬ ይፈልጋል። 11 ሰው በአማካይ 3,500 ሲያወጣ 38,500 ሄደ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ሳጥኑ ውስጥ 1,500 ብቻ፣ ስልኩ ላይ 58,500 ፍሎት። ወኪሉ ገንዘብ አላጣም፤ ገንዘቡ የማይፈለግ ዓይነት ሆነበት።

ገበሬው ያወጣው ጥሬ ከሰዓት በፊት ጨው ሻጩ፣ ጨርቅ ሻጩና ቡና ቤቱ ጋ ገብቷል። እነሱ ደግሞ 10 ሰዓት ላይ ሱቅ ሲዘጉ ጥሬውን ወደ ስልክ ወይም ወደ ባንክ ማስገባት ይፈልጋሉ። ችግሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወኪሉ ጥሬ በብዛት ከሚሸጡ ሁለት ወይም ሦስት ሱቆች ጋር ይስማማ፦ 4 ሰዓትና 7 ሰዓት ላይ የሰበሰቡትን ጥሬ ያምጡለት፣ እሱ እዚያው ፊታቸው በስልክ ያስገባላቸው። 15,000 ብር በቀን ሦስት ጊዜ ቢዞር የ45,000ን ሥራ ይሠራል። መጠንቀቂያው ሁለት ነው። ብሩ ተቆጥሮ ሳይጨርስ ፍሎት አይላክ። የገቢ መልእክቱ ከደረሰ በኋላም ቀሪ ሒሳብ ይታይ። ሌላው የሚበላሽበት ነገር እሑድ ነው፤ ባንክ ዝግ ስለሆነ ለሰኞ የሚሆን ጥሬ ቅዳሜ ካልወጣ ሰኞ ጠዋት ተሰልፎ ማውጣት ነው፤ ያን ጊዜ ገበያው ይሞቃል። ደግሞም ጥሬ ሲያጥር ከታሪፍ በላይ «አስር ብር ጨምር» የሚል ወኪል ይኖራል። ክልክል ነው፤ ገበሬውንም ከስልክ ያርቀዋል። በሚቀጥለው ሰኞ «በጥሬው ካልከፈልከኝ አልሸጥም» ይላል፣ እህል ገዢውም ተመልሶ ብር በጆንያ መሸከም ይጀምራል።

ሀረጎ፦

ሁላችሁም ስለ ወለድ ታወራላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወለድ የማይነካው ነጋዴ ስንት ነው? ለእሱ 15ቱም 18ቱም ምኑ ነው?

አራዳ፦

ልክ ነህ፣ ዘልዬው ነበር። ከወለድ ነጻ መስኮትም ሆነ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ጋ ለጅምላ ነጋዴ የሚስማማው ሙራባሓ ነው። ባንኩ ገንዘብ አይሰጥህም፤ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ ነግሮህ፣ በጊዜ ገደብ ይሸጥልሃል። ትርፉ ከተዋዋላችሁ በኋላ አይጨምርም፤ ከዱቤው 48 በመቶ ጋር ስታስተያየው ትልቅ ነገር ነው። ግን ባንኩም ገንዘቡን ከገበያው ነው የሚያገኘው፤ ገንዘብ ሲወደድ አዲስ የሚዋዋለው ሰው ትርፉ ላይ ያየዋል። ስሙ ወለድ አይደለም፣ ጥላው ግን ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ነጋዴው ዕቃውን አስቀድሞ ያራግፍና «ክፈሉልኝ» ብሎ ይመጣል። አይሆንም። ባንኩ መጀመሪያ ባለቤት መሆን አለበት፤ የተገዛ ዕቃ በሙራባሓ አይገባም። ሁለተኛው ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ነው። ሻጩ ዋጋውን ለ7 ቀን ብቻ ካጸናልህና የባንኩ ሂደት ሦስት ሳምንት ከወሰደ፣ ዋጋው ተቀይሮ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ስለዚህ ፕሮፎርማውን ስታስጽፍ ቢያንስ 30 ቀን አስብለው፤ ሻጩም ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆርጥ ይሁን። ደረሰኝ የሌለው ሻጭ ጥቂት ቢያረክስም ለባንክ አይሆንም።

ጅምላ ደሴ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ሆነልኝ። አንድ ልጨምር። ሽያጭ በስልክ መሆኑ ለብድር ይረዳል ይላሉ፤ ነጋዴው ግን ግብር ፈርቶ በወንድሙ ወይም በሚስቱ ሒሳብ ያስገባል፣ አንዳንዱም «በጥሬው ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ይላል። ደግሞ የሐሰት ስክሪንሹት አለ። ትራንስፈር አድርጌያለሁ ብሎ ሥዕል አሳይቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ። ምን ይደረጋል?

ቦርከና፦

ስለ ግብሩ አስተያየቴን በግልጽ ልናገር፦ ሒሳቡን መበተን ከሚያተርፈው በላይ ያስከፍላል። ያለ ማስያዣ በስልክ የሚሰጡት ብድሮች፣ የቴሌብር መላም ቢሆን፣ ሰውየውን የሚያውቁት በገንዘብ እንቅስቃሴው ነው። ሽያጭህ በአራት ሰው ስም ከተበተነ በስርዓቱ ላይ አራት ድሆች እንጂ አንድ ነጋዴ አይታይም። ባንክም የዓመት የሒሳብ መግለጫ ሲጠይቅህ የምታሳየው የለህም። ግብር ፈርቶ የሚቆጥበውን ሰው ከዱቤው 400 ብር ጋር በወር በወሩ ያስላው። የንግዱን ሒሳብ ለብቻ ክፈት፣ የቤቱን ወጪ ከዚያ አታውጣ፤ አቅራቢህንም ከዚያው ክፈል፣ ገቢውም ወጪውም አንድ ቦታ እንዲነበብ።

ፍሎት፦

ስክሪንሹቱን እኔ ልውሰደው። የደንበኛውን ስልክ አትይ፤ ሥዕል በደቂቃ ይሠራል። የራስህን ቀሪ ሒሳብና የገቢ ዝርዝር ክፈት፦ መጠኑ፣ ሰዓቱና የግብይት ቁጥሩ ይገጥማል? አጭር መልእክት ብቻውን አይበቃም፤ ከባንኩ ወይም ከ127 የመጣ ሳይሆን ከተራ የሞባይል ቁጥር የተላከ ሐሰተኛ መልእክት አለ፤ ፊደሉ ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል። ሠራተኛ ሱቅ የሚጠብቅልህ ከሆነ ሒሳብህን የማየት ፈቃድ የሌለው ሰው ዕቃ አያስወጣ፤ ወይም ለንግድ የሚሰጠውን የመቀበያ ኮድ አውጣና መልእክቱ ሱቁ ባለው ስልክ ላይ ይድረስ።

ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንኮችን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ሲላክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ይገጥማል፦ ከላኪው ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ አይደርስም። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ መሀል ላይ መልስ ሲጠፋ ነው። ያኔ ላኪው ድጋሚ እንዳይልክ ንገረው፤ ሁለቱም በኋላ ሊገቡ ይችላሉ። አቤቱታ የሚቀርበው ለላኪው ባንክ ነው፣ ለተቀባዩ አይደለም። የግብይት ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ይዞ ይሂድ። ዕቃው እስኪጣራ ተለይቶ ይቀመጥ።

ኔትወርክ ላይም አትተማመን። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ አፕ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ ያለ ዳታ ይሠራሉ፤ የሱቁ ሰው ሁሉ በቃሉ ይያዛቸው፣ ፒኑ ግን ያንተ ብቻ ይሁን። ነዳጅ በስልክ ብቻ መከፈል ከጀመረ ወዲህ ኮምቦልቻ የሚገቡ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ይህን ቀድመው ተምረውታል፤ ማደያው በር ላይ ሆነው ኮዱን ነው የሚመቱት።

ጅምላ ደሴ፦

ጨርቅ ሻጮቹን ዛሬ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱ ተስማምተዋል። ሦስተኛው «ጥሬዬን ለማን ላምነው?» አለ። መጀመሪያ ሰኞ በ5,000 ይሞከር ብዬዋለሁ።

ፍሎት፦

5,000 ጥሩ መጀመሪያ ነው። 4 ሰዓት ላይ አስጀምረው፤ 7 ሰዓት ከሆነማ ገበሬው ወደ ቤቱ ሄዷል።